ደረሰኙ በምን ይቆረጥ? ጎጃም ውስጥ በግል ለሚሠሩ ባለሙያዎች የማወዳደሪያ መመሪያ

ሶፍትዌር ሻጭ ሲደውል መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መልክ ነው። ሎጎ ያስገባል፣ ቀለም ያስመርጣል፣ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ይልካል፣ ያልከፈለ ደንበኛ ካለ ያስታውሳል። ውሸት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ያን ያማረ ወረቀት ይዛችሁ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ስትገቡ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ታየዋለች። ገልበጥ ታደርገዋለች። ከዚያ "ጥሩ ነው፤ ደረሰኙስ?" ትላለች።

እዚህ ላይ ክርክር አያዋጣም። ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ብትከፍል ኦዲት ሲመጣ ተጠያቂዋ እሷ ናት።

ይህን የምጽፈው በግላቸው ለሚሠሩ የአካባቢያችን ባለሙያዎች ነው። ባሕር ዳር ላይ ሎጎና የማሸጊያ ዲዛይን ለሚሠራው፣ ማርቆስ ቁጭ ብላ ለውጭ ድርጅት ለምትተረጉመው፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እየተመላለሰ የዩኒየን ሲስተም ለሚያስተካክለው፣ ሞጣ ሰርግ ቀርጾ በማግስቱ ዳንግላ ምርቃት ለሚጠብቀው ካሜራ ማን። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ሶፍትዌር መምረጥ ሁለተኛው ሥራ ነው። መጀመሪያ የሚመረጠው ደረሰኙ የሚወጣበት መንገድ ነው። እሱ ከታወቀ የሶፍትዌሩ ምርጫ ራሱ ጠብቦ ይመጣል።

ተመሳሳይ የሚመስሉት ሦስት ወረቀቶች

ፕሮፎርማ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። ገዢው ሦስት ሰብስቦ ያወዳድራል። ግብር ውስጥ የለበትም፤ ከፈለጋችሁ በዎርድ፣ ከፈለጋችሁ በካንቫ ሥሩት።

ኢንቮይስ ብለን የምንልከው አብዛኛውን ጊዜ የክፍያ ጥያቄ ነው። ሥራው አልቋል፣ ይህን ያህል ክፈሉኝ፣ የባንክ ሒሳቤ ይኸው። ከውጭ የሚመጡት የኢንቮይስ ሶፍትዌሮች የሚያወጡት ይህንኑ ነው።

የታክስ ደረሰኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩን እናንተ አታወጡትም። ወይ ገቢዎች ፈቅዶ ካሳተመው ጥራዝ ይመጣል፣ ወይ ከተመዘገበ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ይወጣል፣ ወይ ከግብር ሰብሳቢው ጋር የተሳሰረ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ይሰጠዋል። ከእነዚህ ውጭ የወጣ ወረቀት ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ቢጻፍበትም፣ ማኅተም ቢመታበትም፣ 15 በመቶ ቫት በትክክል ቢሰላበትም ደረሰኝ አይሆንም። እንዲያውም ለቫት ሳትመዘገቡ ቫት ብላችሁ ከደንበኛ ብር ከተቀበላችሁ ሌላ ጥፋት ጨመራችሁ ማለት ነው።

ነገሩን ቀለል አድርጎ ማየት ያስጠይቃል። የታክስ አስተዳደር አዋጁ ቁጥር 983/2008 ደረሰኝ ባለመስጠት ያስቀመጠው ቅጣት ለእያንዳንዱ ግብይት 50 ሺህ ብር ነው። ለእያንዳንዱ ነው የሚለው። በ5 ሺህ ብር የሠራችሁት ሎጎም አንድ ግብይት ነው።

ደረጃችሁን ሳታውቁ ሶፍትዌር አትግዙ

የ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 የቀድሞውን ደረጃ "ሐ" አስቀርቶ ግብር ከፋዩን በሁለት ከፍሎታል። መለያው ዓመታዊ ሽያጭ ነው። 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ ደረጃ "ሀ"፣ ከዚያ በታች ደረጃ "ለ"። በአዲሱ የቫት አዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ለቫት መመዝገብ ግዴታ የሚሆንበት መጠንም 2 ሚሊዮን ብር ነው። ድሮ 1 ሚሊዮን፣ ከዚያም በፊት 500 ሺህ ነበር። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ጓደኛችሁ የሰጣችሁን ምክር እንዳለ አትውሰዱት።

ይህ ለሶፍትዌር ምርጫ ምን አገባው? ብዙ ያገባዋል። ደረጃ "ሀ" የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። ትርፉ የሚሰላው ወጪው ተቀንሶ ስለሆነ የወጪ ደረሰኝ መዝግቦ የሚይዝ፣ ወርኃዊ ቫት የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል። ደረጃ "ለ" ግን ግብሩ ከሽያጩ ላይ ስለሚሰላ ዋና ጉዳዩ ሽያጩን አንድም ሳያስቀር መመዝገብ ነው። ለእሱ ሙሉ የሒሳብ ፓኬጅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ደረጃችሁን ግን በራሳችሁ አትገምቱ። ግለሰብ ነጋዴን ግብር ማስከፈል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል ሥልጣን ነው። ፋይላችሁ ያለው በክልሉ ገቢዎች ቢሮ ሥር ባለው የከተማ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። የማማከርና ሌሎች የሙያ አገልግሎቶችን እንዴት እንደሚመድቡ እዚያው ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ይህ የፌዴራልና የክልል ነገር አንድ ወጥመድም አለው። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ "ሲስተማችን ከገቢዎች ጋር ተሳስሯል" ሲላችሁ ገቢዎች ሚኒስቴርን ማለቱ ሊሆን ይችላል። እናንተ የምትገብሩት ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ "የእኛ ከተማ ገቢዎች ይህን ደረሰኝ ተቀብሎ ያውቃል? እዚህ የሚጠቀምበት ደንበኛ አላችሁ?" ስልክ ቁጥሩን ሰጥቷችሁ ደውላችሁ ካላረጋገጣችሁ አትክፈሉ።

የእጅ ደረሰኝና ኤክሴል

ለብዙዎቻችሁ መልሱ ይኸው ነው። ሶፍትዌር ሻጭ አይነግራችሁም እንጂ በወር አምስት ስድስት ደረሰኝ ለሚቆርጥ ደረጃ "ለ" ባለሙያ የታተመ ጥራዝና ንጹሕ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል።

ጥራዙ እንደ ድሮው ማተሚያ ቤት ሄዶ የሚያሳትሙት ካርኒ አይደለም። አሁን የሚፈለገው ባለ ኪውአር ኮድ ደረሰኝ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ኮድ አለው፣ ሲቃኝ የማን እንደሆነ ይታያል። ማሳተም የሚቻለው በገቢዎች ፈቃድ ነው፤ ስለዚህ የያዛችሁት ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ግማሽ ሲደርስ ጠይቁ። ሥራ ጨርሶ ደረሰኝ ማጣት ያናድዳል። ደንበኛው በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋበታል፣ እናንተ ጥራዝ ትጠብቃላችሁ።

የእጅ ደረሰኝ ትልቁ ጥቅሙ መብራትም ኔትወርክም አለመፈለጉ ነው። በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ በክልሉ ሲቋረጥ ለወራት ምን እንደነበር የምታውቁት ናችሁ። ሥራውን በፍላሽ ያደረሰ ሰው ደረሰኙንም በእጁ ቆርጦ ሰጥቷል።

ጉዳቱስ? የጽሑፍ ስሕተት። ቲን ቁጥር አሥር አኃዝ ነው፤ አንዷ ከተሳሳተች ለገዢው ጥቅም የለውም። ቅጠሉ ሲበላሽ ቀዳችሁ አትጣሉ። ዋናውንና ቅጂዎቹን አንድ ላይ ይዛችሁ "ተሰርዟል" ብላችሁ ጻፉበት፣ ጥራዙ ላይ ይቆይ። የጠፋ ቅጠል ከተበላሸ ቅጠል በጣም የከፋ ነው፤ ምን እንደተጻፈበት ማስረዳት አትችሉም።

ኤክሴሉን እንዲህ ሥሩት። ለአንድ ደረሰኝ አንድ ረድፍ፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ቀን፣ የገዢ ስምና ቲን፣ የሥራው ዓይነት፣ ከታክስ በፊት ያለው ዋጋ፣ ታክስ ካለ ታክሱ፣ የተያዘባችሁ ቅድመ ግብር (ገዢው ከክፍያችሁ ላይ ቀንሶ ለገቢዎች የሚያስገባው)፣ እጃችሁ የገባው። የተሰረዘውም ቅጠል ረድፍ ይኑረው። ቁጥር ከዘለለ ወዲያው ይታያችኋል።

ካሽ ሬጅስተር

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የግድ የሆነው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ነው። የተሠራው ግን ለሱቅ ነው። ፎቶ ቤት ከፍታችሁ ሰው ገብቶ ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የኅትመት ቤት ካላችሁ፣ ማሽኑ ያዋጣል። ደረሰኙ በሰከንድ ይወጣል። ማታ ዜድ ሪፖርት ትቆርጣላችሁ፣ የቀኑ ሽያጭ ተዘጋ።

ለተንቀሳቃሽ ሠራተኛ ግን አይመችም። ማሽኑ የሚመዘገበው በንግድ አድራሻችሁ ነው፤ በሻንጣ ይዞ ከባሕር ዳር ሞጣ ሰርግ ቤት መሄድ ያስጠይቃል። ሲበላሽ ወዲያው ለጥገና ማዕከሉና ለገቢዎች ማሳወቅ አለባችሁ። በየዓመቱ ምርመራ አለው። ወረቀቱ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቀለሙ እየደበዘዘ ይጠፋል። እናንተ ከሌላ ሰው የምትቀበሉትን የማሽን ደረሰኝ በዚያው ቀን ፎቶ አንሡት ወይም ኮፒ አድርጉት። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የከረመ የነዳጅ ደረሰኝ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይገኛል፤ ባዶ ወረቀት ወጪ ሆኖ አይያዝም።

ሌላም አለ። በማሽኑ ላይ "ልዩ ልዩ አገልግሎት" ብሎ የሚያወጣ ደረሰኝ መሥሪያ ቤት አይወድም። ዕቃው ወይም አገልግሎቱ በስሙ እንዲወጣ፣ የገዢው ቲን እንዲገባ አስቀድማችሁ ቴክኒሺያኑን አስሞሉት።

ፊስካል ፕሪንተርና ሶፍትዌር

ሆቴልና ሱፐርማርኬት የምታዩት ይኸ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሶፍትዌር አለ፣ ከሥሩ የተመዘገበ ፊስካል ፕሪንተር አለ። ሕጋዊ የሚያደርገው ፕሪንተሩ ነው፤ ሶፍትዌሩ ምቾት ነው። ሦስት አራት ሠራተኛ ላለው ስቱዲዮ ያስኬዳል። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ወጪው ይበዛል፤ ብዙ አልቆይበትም።

እዚህ ላይ ፒችትሪና ኩዊክቡክስ ይነሣሉ። ሁለቱም ሒሳብ ለመያዝ ጥሩ ናቸው፣ ፒችትሪን ደግሞ የማያውቅ የሒሳብ ባለሙያ አታገኙም። ግን ከፒችትሪ ያተማችሁት ኢንቮይስ ብቻውን የታክስ ደረሰኝ አይደለም። ኦዱና ኢአርፒኔክስት የሚባሉት የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ነፃ መነሻ ስላላቸው ሲስተም የሚሠሩ ልጆች ይወዷቸዋል። እነሱም ያው ናቸው፤ ከፊስካል ዕቃ ወይም ከኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓቱ ጋር እስካልተገናኙ ድረስ የውስጥ መዝገብ ናቸው።

ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ

ነገሩ የሚሄደው ወደዚህ ነው። ገቢዎች ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት ዘርግቶ ግብር ከፋዩን ወደዚያ ማሸጋገር ጀምሯል። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። እናንተ ሶፍትዌራችሁ ላይ ደረሰኙን ትሞላላችሁ። መረጃው ወደ ግብር ሰብሳቢው ሲስተም ይሄዳል። እዚያ ተመዝግቦ መለያ ቁጥርና ኪውአር ኮድ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ትልካላችሁ ወይም ታትማላችሁ።

ለፍሪላንሰር ከሁሉም የሚመቸው ይህ ነው። ማሽን አትሸከሙም፣ ጥራዝ አታሳትሙም። ደጀን መኪና ውስጥ ሆናችሁ ባሕር ዳር ላለ ደንበኛ ደረሰኝ መላክ ትችላላችሁ። ለገዢውም ማረጋገጫ አለው፤ ኮዱን በስልኩ ያነሣና ያያል።

ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ያደርጋል? ደረሰኙን ይዞ ቆይቶ በኋላ የሚልክ ከሆነ እስከ ስንት ሰዓት? "ኔት ከሌለ አይሠራም" ከተባላችሁ የእጅ ጥራዝ በመጠባበቂያ መያዝ እንደሚፈቀድላችሁ ከገቢዎች አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ሻጩ ነው ወይስ እናንተ የተመዘገባችሁት? ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ መረጃችሁ የት ይቀራል? በኤክሴል አውጥታችሁ መውሰድ መቻል አለባችሁ። ሦስተኛ፣ የወር ክፍያ ሲቋረጥ ያለፈውን ደረሰኝ ማየት ይከለክላችኋል? ይህን የሚያደርጉ አሉ። ያለፈ ዓመት ፋይል ኦዲተር ሲጠይቃችሁ ያልተከፈለ የአባልነት ወር አታስረዱትም።

ደንበኛዬ ውጭ አገር ነው ለምትሉ

እዚህ ላይ ያ ያማረ ሶፍትዌር ቦታ አለው። ናይሮቢ ወይም በርሊን ያለ ደንበኛ የኢትዮጵያ ደረሰኝ አይጠይቅም። ጥርት ያለ ኢንቮይስ፣ በዶላር፣ የባንክ መረጃና የክፍያ ቀን ያለው ይበቃዋል። እንደ ዞሆ ያለ ሶፍትዌር ይሠራዋል።

ደንበኛው አልጠየቀም ማለት ግን ገቢዎች አይጠይቅም ማለት አይደለም። የአገሪቱ ነዋሪ የሆነ ሰው ከውጭ ያገኘው ገቢም ግብር አለበት። ለቫት ከተመዘገባችሁ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላክ አገልግሎት በዜሮ ምጣኔ (በ0 በመቶ ቫት) ነው የሚስተናገደው፤ ዜሮ መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም ግን የእናንተ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ነገር በአንድ ፋይል ይኑራችሁ፦ ውሉ ወይም የትእዛዝ ኢሜይሉ፣ ኢንቮይሱ፣ ባንኩ ብሩ ሲገባ የሰጣችሁ ክሬዲት አድቫይስ፣ የዕለቱ ምንዛሪ። ዶላሩ የገባ ቀን ባንኩ በመታው ምንዛሪ በብር መዝግቡት። ኢንቮይስ በላካችሁበትና ብሩ በገባበት ቀን መካከል ምንዛሪው ሊለያይ ስለሚችል ሶፍትዌሩ ሁለቱን ለየብቻ መያዙን ተመልከቱ።

ደረሰኝ መዋስ

ይህንም እንደ አማራጭ የሚቆጥሩት ስላሉ ላንሣው። ፈቃድ የሌለው ባለሙያ ሥራ ያገኛል፤ ደረሰኝ ሲጠየቅ ፈቃድ ያለው ወዳጁ ጋ ይሄዳል። "ቁረጥልኝ፣ ኮሚሽንህን ውሰድ" ይላል። በየከተማው አለ፣ ሁሉም ያውቀዋል።

አታድርጉት። ያልሠራውን ሥራ ሠራሁ ብሎ ደረሰኝ መስጠት ወንጀል ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም አይድኑም። ከዚያም ሌላ ኪሳራ አለው። ገቢው በወዳጃችሁ ቲን ይመዘገባል። ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ካለፈ እሱ ደረጃው ይቀየራል፣ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። እናንተ ደግሞ ለዓመታት ሠርታችሁ ብድር ልትጠይቁ ባንክ ስትሄዱ በስማችሁ አንድ ደረሰኝ አይገኝም።

ፈቃድ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ሕጋዊው አማራጭ በጊዜያዊ ቅጥር ውል መሥራት ነው። ድርጅቱ በደመወዝ መዝገቡ ይከፍላችኋል፣ ግብሩን እሱ ቆርጦ ያስገባል፣ ደረሰኝ አይፈለግም። ግን ሒሳቡን አስቡት። በአዲሱ እርከን የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ነፃ ነው፤ ከ14 ሺህ በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በአንድ ወር 40 ሺህ ብር ከተከፈላችሁ ጡረታ ሳይታሰብ ግብሩ 11 ሺህ 950 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 28 ሺህ 50። ለአንድ ጊዜ ሥራ ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ግን ፈቃድ አውጡ።

አንድ ደረሰኝ በቅርብ ሲታይ

ሶፍትዌር ስትፈትኑ ሻጩ ያዘጋጀውን ምሳሌ አትመኑ። የራሳችሁን ሥራ አስገቡበት። ይህን ሞክሩ። ለቫት የተመዘገበ ዲዛይነር ለአንድ መሥሪያ ቤት የ40 ሺህ ብር ሥራ ሠራ። ቫት 15 በመቶ 6 ሺህ፣ ድምር 46 ሺህ። መሥሪያ ቤቱ ቅድመ ግብር ይይዛል። ይህ ድሮ 2 በመቶ ነበር፣ በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። የሚሰላው ከ40 ሺው ላይ ነው እንጂ ከ46 ሺው ላይ አይደለም። 1 ሺህ 200 ብር ይያዛል፤ 44 ሺህ 800 ይከፈላችኋል። አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቫቱንም ራሱ ይዞ ያስገባል።

አሁን ሶፍትዌሩን እዩት። 44 ሺህ 800 ገባ ስትሉት "1 ሺህ 200 ብር ዕዳ ቀርቷል" ብሎ ደንበኛችሁን ማስታወሻ ይልክበታል? ብዙው የውጭ ሶፍትዌር እንደዚያ ነው። ለመሥሪያ ቤት ፋይናንስ "ዕዳ አለባችሁ" የሚል ኢሜይል መላክ ቀጣዩን ሥራ የማጣት አቋራጭ ነው። የተያዘውን ቅድመ ግብር ለብቻው የሚመዘግብ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ያ ብር የእናንተ ነው፤ ዓመታዊ ግብራችሁ ሲሰላ ይታሰብላችኋል። የሚታሰበው ግን የቅድመ ግብር ደረሰኙን ከመሥሪያ ቤቱ ከተቀበላችሁ ነው። ቼኩን ስትወስዱ አብራችሁ ጠይቁ፤ "ነገ ና" ካሏችሁ በነገው ሂዱ። ከስድስት ወር በኋላ ሒሳብ ሠራተኛው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ጳጉሜንን የማያውቅ ሶፍትዌር

ለእኔ ትልቁ ማጣሪያ ይኸ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የወር ቫት የሚቀርበው በኢትዮጵያ ወር ነው፤ የአንዱ ወር በሚቀጥለው ወር ውስጥ። ጳጉሜን ደግሞ ከነሐሴ ጋር ትደመራለች። የፈረንጅ ካላንደር ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር የወሩን ሽያጭ አውጣ ሲባል ከጁላይ 1 እስከ 31 ያለውን ያወጣል። ሐምሌ 1 የሚውለው ጁላይ 8 ነው። በየወሩ የሳምንት ሽያጭ ወደ ሌላ ወር ይሾልካል፣ ከጥራዙ ጋር አይገጥምም፣ እናንተ ሌሊቱን ስታስታርቁ ታድራላችሁ።

ሁለት መፍትሔ አለ። የኢትዮጵያን ካላንደር የሚያውቅ የአገር ውስጥ ሶፍትዌር መምረጥ፣ ወይም ቢያንስ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብላችሁ ሪፖርት የምታወጡበት። ሁለተኛው ለትንሽ ሥራ ይበቃል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ጳጉሜን 3 ቀን ደረሰኝ ቁረጡበት፣ የነሐሴን ሪፖርት አውጡ፣ ውስጡ መኖሩን እዩ።

ሌላው ፈተና መሰረዝ ነው። አንድ የተቆረጠ ደረሰኝ መርጣችሁ ለማጥፋት ሞክሩ። ያለ ምንም ምልክት ከጠፋ ያን ሶፍትዌር ተዉት። ደግ መስሎ የሚታይ አደገኛ ነገር ነው፤ ቁጥር ዘሎ ኦዲተር ፊት ስትቆሙ ሰበብ የላችሁም። ትክክለኛው ሶፍትዌር ስሕተት ሲኖር በክሬዲት ኖት (የቀድሞውን ደረሰኝ በሚያርም ሌላ ሰነድ) ያስተካክላል፣ ማን መቼ ምን እንደነካም ይመዘግባል።

አማርኛውንም አትርሱ። የደንበኛ ስም በግዕዝ ፊደል ጻፉበትና ፒዲኤፉን አትሙ። በስክሪን ላይ ጥሩ ሆኖ ሲታተም ሣጥን ሣጥን የሚያወጣ አለ።

ታዲያ የቱን?

ደረጃ "ለ" ሆናችሁ በወር ጥቂት ሥራ ለአገር ውስጥ ደንበኛ የምትሠሩ፣ ባለ ኪውአር ኮድ ጥራዝና ኤክሴል። ሰው ገብቶ የሚወጣበት ቤት ካላችሁ ካሽ ሬጅስተር። ደረጃ "ሀ" ከሆናችሁ፣ ወይም ደንበኞቻችሁ ለቫት የተመዘገቡ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች ከሆኑ፣ ከተማችሁ የሚቀበለውን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሶፍትዌር ያዙ፤ ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝላችሁ የሒሳብ ባለሙያም አይቅር። ደንበኛችሁ በሙሉ ውጭ ከሆነ ነፃው የውጭ ሶፍትዌርና በደንብ የተያዘ ፋይል። ሁለቱም ዓይነት ደንበኛ ያላችሁ ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ የውጩ ኢንቮይስ ቁጥር ለብቻው ይሂድ።

አንዳንዱ ደንበኛ ቫት ስለሚፈልግ ብቻ በፈቃዳችሁ ለቫት መመዝገብ ያጓጓችኋል። ከመመዝገባችሁ በፊት ሥራ የሌለበትንም ወር አስቡ። ሽያጭ ባይኖርም በየወሩ ባዶ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ባዶውን ረስቶ የተቀጣ ሞልቷል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ ከተቻለ ሐምሌ 1 ላይ አድርጉት፤ ካልሆነም በወር መጀመሪያ። በአንድ ወር ውስጥ ግማሹን በጥራዝ፣ ግማሹን በሲስተም መቁረጥ ድካም ነው። ያልተጠቀማችሁበትን የጥራዝ ቅጠል ቤት አታስቀምጡት። ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደተረፈ ጽፋችሁ ለገቢዎች አስረክቡ፣ የርክክቡን ወረቀት ማኅተም አስመቱበት። ንግድ ፈቃድ ለማደስ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ማስረጃ) ስትጠይቁ ያ ወረቀት ያስፈልጋችኋል፤ እድሳቱ ያለ ቅጣት እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ ወረፋው ግን ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ይረዝማል።